«ሊፕ» እና «ሊፕ»

መምህሩ፦ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ላይ ፈረንጆችህን ስታስረዳ ከኋላህ ቆሜ ነበር። እንግሊዝኛህ ፈጣን ነው፤ ቃላትም አያጥርህም። አናባቢህ ግን አሳፈረኝ።

አስጎብኚው፦ ሰላምታም የለ ቲቸር? ምን አጠፋሁ?

መምህሩ፦ የሙርሲ ሴቶች ከንፈራቸው ላይ ስለሚያስገቡት ሸክላ ስትናገር «ሊፕ ፕሌት» አልክ። ከአፍህ የወጣው ግን ከንፈር አይደለም፤ ዝላይ የሚለው ቃል ነው። እሱ ሳያንስ ወዲያው ወደ ሐመር ከብት ዝላይ ተሻገርክ። ሽበታሟ ሴትዮ ግራ ገብቷት ወደ ጓደኛዋ ስትዞር አላየሃትም?

አስጎብኚው፦ አይቻታለሁ እንጂ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ሳቀች፤ አለቀ።

መምህሩ፦ ጣትህ በማይታይበት፣ በስልክ ቢሆንስ? ጤና ጣቢያ ገብተህ ለታመመ ፈረንጅ ብታስተረጉምስ? አንተ አናባቢ ጌጥ ይመስልሃል። ተነባቢው ከተስተካከለ የቀረው እንደ አፌ ይውጣ ባይ ነህ።

አስጎብኚው፦ እንደዚያ ያስለመዱኝ ራሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱት ሰዎች በተነባቢ ከሞላ ጎደል ሲስማሙ በአናባቢ ግን አገር ለአገር መለያየታቸውን ነው። የማንችስተሩ ሰውዬ አውቶቡሱን «ቡስ» ይለዋል፣ ፍቅርንም «ሉቭ»። ለንደን «ባስ» ነው። የኒውዚላንዷ ዓሣ «ፍሽ» ነው፤ በእኛው ሳድስ፣ ልክ እንደሚጻፈው። አንድ ቀን «ፒን» ስጠኝ ብትለኝ መርፌ ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን በረበርኩ፤ ለካ እስክሪብቶ ኖሯል የፈለገችው። አውስትራሊያዊው ቀኑን «ዳይ» ይላል፤ አሜሪካዊው ሥራውን «ጃብ»፣ ሙቀቱን «ሃት»። እኔ ደግሞ ጎጆ ሳሳያቸው «ሃት» እላለሁ። አሜሪካኖቹ ሙቅ ነው ያልኩ ይመስላቸዋል። ቱርሚ ላይ ያም ቢሆን ውሸት አይደለም።

መምህሩ፦ ቀልዱን ተወው። ሰው ሁሉ እንደየአገሩ ቢናገር መለኪያ የለም ማለት አይደለም። ዳንኤል ጆንስ የእንግሊዝኛን አነባበብ መዝገበ ቃላት ያወጣው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህም እየታደሰ ደጋግሞ ታትሟል። አጭሩ ይኼ፣ ረጅሙ ይኼ ብሎ ከፋፍሎ አስቀምጦታል። ተማሪ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

አስጎብኚው፦ የማንን አነጋገር ነው የመዘገበው?

መምህሩ፦ የተማረውን እንግሊዛዊ።

አስጎብኚው፦ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆችን ነው ቲቸር። ማጎ ፓርክ ይዣት የሄድኩ አንዲት የቋንቋ አስተማሪ መንገድ ለመንገድ ስታጫውተኝ ነበር። ፒተር ትሩድጊል የሚባል ምሁር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውስጥ በዚያ አነጋገር የሚናገረውን ሰው ከመቶ 3 ገደማ ብሎ ገምቶታል። ከዚህ ይልቅ የገረመኝ የንግሥቲቱ ነገር ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አገራችንን የጎበኙት ኤልሳቤጥ። በየዓመቱ ለገና ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ያደርጉት የነበረውን ንግግር ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ለኩት። የ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አናባቢያቸውና የ1980ዎቹ አንድ ሆኖ አልተገኘም። ተራው የደቡብ እንግሊዝ ሰው ወደሚናገረው ተጠግቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጥቷል አለችኝ። እንግዲህ የንግሥቲቱ እንግሊዝኛ የሚባለውን ንግሥቲቱም ካልጠበቁት፣ እኔ ጂንካ ላይ እንድጠብቀው ነው የሚፈልጉት?

መምህሩ፦ ተጠጋ አልክ እንጂ ጠፋ አላልክም። ልዩነቱ እሱ ላይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

አስጎብኚው፦ ከመምጣትዎ በፊት፣ እርስዎን ያስተማረዎት ማን ነበር?

መምህሩ፦ ህንዳዊ። በእኛ ጊዜ ሂሳቡም ፊዚክሱም እንግሊዝኛውም በህንድ አፍ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ኮቱንም ፍየሉንም ጥርት ባለ በእኛ ሳብዕ ነው የሚጠራው፤ የእንግሊዞቹ መሀል ላይ የሚታጠፈውን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ከእኛ በፊት የነበሩት በሰላም ጓድ አሜሪካኖች እጅ አለፉ፤ መጀመሪያ የመጡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም በፊት በ1946 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት የእንግሊዞች ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1950 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት ደግሞ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ናቸው፤ መሪያቸው ሉሲየን ማት ራሳቸው በፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱ ሰው ነበሩ። በእናንተ ዘመን ፕላዝማው መጣ።

አስጎብኚው፦ አያስታውሱኝ። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ትምህርት፣ ቴሌቪዥኑ ሳይጠብቀን ሮጦ ያልፋል፣ እርስዎ ጥግ ላይ ቆመው ያዩናል።

መምህሩ፦ እኔስ እኩል ከእናንተ ጋር ነበር የምደናበረው። አክሰንቱን ስትጠይቁኝ ምን እንደምላችሁ አላውቅም ነበር።

አስጎብኚው፦ ይኸውልዎት። እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ህንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፤ አምስቱም የተለያየ አናባቢ ይዘው አልፈውብናል። እኔን ሲመጡ ነው መለኪያው የወጣው።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ተጠጋው ልመለስ። የትኛውም የእንግሊዝኛ ዘዬ የራሱ ሥርዓት አለው። ከጂንካ መናኸሪያ የሚነሳ ሚኒባስ አስብ። ረዳቱ አንድ ሰው ጨምሮ ሲያስገባ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይላል። መስኮቱ ጋ ያለው ይጨናነቃል፣ የወረደ ሰው ግን የለም። ኒውዚላንድ የሆነው ይኸው ነው። መጥበሻው፣ «ፓን» የነበረው፣ ወደ «ፔን» ተጠጋ። እስክሪብቶው «ፔን» ቦታው ሲያዝበት ወደ «ፒን» ሄደ። መርፌ ቁልፉ «ፒን» ደግሞ መሄጃ ቢያጣ ወደ ሳድሱ «ፕን» ገባ። የኒውዚላንድ ሰው አንዱንም ከአንዱ አያምታታም፤ ሦስቱም ተሳፍረዋል። የተምታታው የአንተ ጆሮ ነው፣ የሌላ አገር ወንበር ላይ ስለምትፈልጋቸው። አንተ ግን ስትናገር ተሳፋሪ ታወርዳለህ። ከንፈርና ዝላይ አንድ ሆኑ፣ ኮፍያና ጎጆ አንድ ሆኑ፣ በርና ማግኘት አንድ ሆኑ። መዝገቡ ሃያ ገደማ አናባቢ ሲል አንተ በአምስት ትጨርሰዋለህ።

አስጎብኚው፦ እነሱስ አያወርዱም? ቴክሳስና አካባቢው እስክሪብቶና መርፌ ቁልፍ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ፒን»። እስክሪብቶ ሲፈልጉ የቀለሙን «ፒን» ብለው ይጠይቃሉ። ስኮትላንዳዊ መሳብንና መዋኛ ገንዳን በአንድ «ፑል» ይላል። ካሊፎርኒያ ላይ ታጣፊ አልጋና «ያዘ» የሚለው ግስ ሁለቱም «ካት» ናቸው። ቴክሳሱ ሰውዬ የቀለሙን ሲል የአገር ባህል ነው፤ እኔ የአፍ «ሊፕ» ስል ግን ስህተት ነው?

መምህሩ፦ እነሱ ካሏቸው አሥራ አምስት ገደማ አናባቢዎች አንዱን ነው የጣሉት። የቀረው አሥራ አራት አዳማጩን ይዞ ይሄዳል።

አስጎብኚው፦ ስንት ስንት መጣል ይፈቀዳል ታዲያ? ልኩን ይንገሩኝና እሱን ጥዬ ልቁም።

መምህሩ፦ አፍህ እንጂ አናባቢህ አልጎደለም! ስማ፤ አንዱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ዊልያም ላቦቭ የሚባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ የቺካጎ ሰዎችን ንግግር ቀድቶ ቃላቱን ብቻ እየቆረጠ ለሌሎች አሜሪካኖች አሰማ። ቺካጎዬው መንደር ለማለት «ብሎክ» ሲል፣ እነዚያ ጥቁር ማለትን፣ «ብላክ»ን ሰሙ። ሙሉው ዓረፍተ ነገር ሲሰጣቸው ነው የገባቸው። የአንድ አገር ሰዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ! አናባቢ እንዲህ ነው የሚያሳስተው። እነሱ እርስ በርስ እንዲህ ከሆኑ፣ አንተንማ አስበው።

አስጎብኚው፦ አሰብኩት። ቺካጎዬው ሲሳሳትበት ግን እንግሊዝኛ አይችልም ያለው አለ? አዳማጩ ነው ጆሮውን የሚያስተካክለው። ከእኔ ጋር ሲሆን አዳማጩ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሁሉንም መንገድ እኔ እንድሄድ ይጠብቃል። ጣሊያኖቹም ስፔኖቹም እንደኔ ነው የሚናገሩት፤ ከንፈሩንም ዝላዩንም አንድ ያደርጉታል። በእነሱ አፍ ሲሆን ያምራል ይባላል።

መምህሩ፦ ልክ ነህ። ፍትሕ የለውም። እሺ፣ ከዚያስ? ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ መስኮቱ ጋ የቆመ ተማሪዬ ጠያቂውን ጆሮህን አስተካክል ይበለው? ፍርዱ እስኪስተካከል ድረስ ልጁን የማስታጥቀው ነገር ይኑረኝ ነው የምልህ። ያንተ ክርክር ለአንተ ይሠራል፤ ጣት አለህ፣ ጨዋታ አለህ፣ ደሞዝህን የሚከፍለው ሰው ሊረዳህ ይፈልጋል። ለሌላው አይሠራም።

አስጎብኚው፦ ኦሞራቴ የማውቀው የዳሰነች ልጅ አለ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ኢለሬት፣ ኬንያ ነው የተማረው። ነርሷን «ናስ»፣ ሸሚዙን «ሻት»፣ ሥራውን «ዋክ» ይላል። ስዋሂሊውም ሸሚዙን «ሻቲ» ብሎ ወስዶታል። ኬንያዎች ድመቱን፣ መቁረጡን፣ መጎዳቱን ሁሉ አንድ ራብዕ ላይ ነው የሚከምሩት። ከእኔ የባሰ ተሳፋሪ ያወርዳል በእርስዎ አነጋገር። ግን ማንም አያርመውም፤ የኬንያ እንግሊዝኛ ነው ይባላል፣ ስም አለው። የእኛ ስም የለውም፤ ሰባራ ነው የሚባለው።

መምህሩ፦ ስም የሚያሰጠው ሕዝቡ እርስ በርስ ሲነጋገርበት ነው። ናይሮቢ ላይ ባልና ሚስት በእንግሊዝኛ ይጣላሉ። ፓርላማው፣ ሬዲዮው፣ ገበያው ይሠራበታል፤ ስለዚህ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይሰማዋል፤ ሕግ ያበጃሉ። ጂንካ ላይ ማን ከማን ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል? አሪው ከሐመሩ በአማርኛ ነው የሚገበያየው። እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማሪያችን ነው ይባላል፤ ደወል ሲደወል ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። መነጋገሪያ ያልሆነ ቋንቋ እንዴት ዘዬ ይኖረዋል?

አስጎብኚው፦ ሳንነጋገርበትም ተስማምተናል እኮ። ከጂንካ እስከ ጎንደር ሁሉም ሰው «ነርስ» ነው የሚለው፣ በግዕዙ፣ ‹ር›ን ሳይውጥ። «ኔትወርክ»፣ «ወርክሾፕ»። ማንም «ናስ» አይልም። ይሄ ሕግ ካልሆነ ሕግ ምንድነው?

መምህሩ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጥህ፤ ሐቁን መደበቅ አልወድም። በክረምት ሥልጠና ያነበብኩት ነው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የምትባል እንግሊዛዊት በ2000 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማ ነበር። እንግሊዝኛ የማናቸውም የአፍ መፍቻ ባልሆነ ሰዎች መካከል፣ ለምሳሌ በአንተና በጣሊያኑ መካከል፣ መግባባትን የሚያበላሸው ምንድነው ብላ መረመረች። አናባቢው ወጥ እስከሆነ ድረስ የየትም አገር ቀለም ቢኖረው ግድ የለም አለች።

አስጎብኚው፦ እና ይሄን ደብቀው ነው የሚያስፈራሩኝ?

መምህሩ፦ አትቸኩል። ሁለት ነገር አስቀርታለች። አንደኛው «ነርስ» እና «በርድ» ውስጥ ያለው አናባቢ ነው፤ እሱ መበላሸት የለበትም።

አስጎብኚው፦ እሱንማ ግዕዛችን አስገኝቶልናል! ኬንያዎቹ ናቸው የሚቸገሩበት።

መምህሩ፦ ሁለተኛው ርዝመት ነው። አጭሩና ረጅሙ መለየት አለበት አለች። ከንፈር አጭር፣ ዝላይ ረጅም። መርከብ አጭር፣ በግ ረጅም። ለአንተ በሚያዳላው ሚዛን ስትመዘንም እዚያው ትወድቃለህ።

አስጎብኚው፦ እሺ። ሁለቱን «ሊፕ» እስቲ ይበሉልኝ።

መምህሩ፦ ሊፕ። ሊ…ፕ።

አስጎብኚው፦ አንድ ናቸው።

መምህሩ፦ እንዴት አንድ? ሁለተኛውን አረዘምኩት እኮ።

አስጎብኚው፦ አረዘሙት፤ ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። ፈረንጆቹ ሲሉት የከንፈሩ ላላ፣ ዝቅ ይላል፤ የዝላዩ ይጠብቃል፣ ይወጣል። እርስዎ ያንኑ የአማርኛ ሣልስ ነው የጎተቱት። ቅር አይበልዎት ቲቸር፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የእርስዎም የእኔም ጥፋት አይመስለኝም፤ የሰሌዳው ነው። 9ኛ ክፍል ያስታውሳሉ? መርከብ ብለው ጻፉ፣ ጎኑ ላይ በአማርኛ ፊደል «ሺፕ»። ከሥሩ በግ፣ ጎኑ ላይ «ሺፕ»። ሁለት ጊዜ አንድ ነገር። ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ «ሺፕ! ሺፕ!» እያለ ሲጮህ ከእኔ ጋር የተቀመጠው የኛንጋቶም ልጅ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «ለምን ሁለቴ ጻፈው?»

መምህሩ፦ በምን ልጻፍላችሁ ነበር? የፊደል ገበታው ሰባት ቤት ነው ያለው።

አስጎብኚው፦ እሱን ነው የምልዎት። ሰባቱ የአማርኛ ናቸው። የኛንጋቶም ልጅ ቋንቋው የቱርካናና የቶፖሳ ዘመድ ነው፤ የምላሱን ሥር ወደ ፊት ገፍቶ የሚያወጣው ኢ አለው፣ ሳይገፋ የሚያወጣው ሌላ ኢ አለው። መርከብና በግ ለእሱ ከእናቱ የሰማው ልዩነት ነው። እኔ ሐመር ነኝ፤ ሁለት ኤ፣ ሁለት ኦ አለኝ፤ አንዱ ጠበብ አንዱ ሰፋ ያለ። በርና ማግኘት፣ እርስዎ ሁለቱንም «ጌት» ብለው የጻፉት፣ ለጆሮዬ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ዳሰነቹ ደግሞ እንደ ኦሮሞው አጭርና ረጅም አናባቢ ይለያል፤ ያቺ እንግሊዛዊት የፈለገችው ርዝመት ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው።

መምህሩ፦ ሙርሲኛም ያው ነው። ፍሬው ግርማ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሙርሲኛ ሰዋስው ሰባት አናባቢ ይዘረዝራል። ቁጥሩ ከአማርኛ ጋር እኩል ነው፤ ግን ግዕዝና ሳድስ የለበትም፤ በምትካቸው ሁለት ኤ እና ሁለት ኦ ነው ያለው። ይሄን አውቃለሁ። ከክፍሉ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

አስጎብኚው፦ አካባቢያችን አሥራ ስድስት ብሔረሰብ ያለበት ነው ቲቸር። እንግሊዝኛ የሚፈልጋቸው ልዩነቶች አብዛኞቹ በየወንበሩ ተቀምጠው ነበር። እኛ ፊደሉን እየተከተልን በአማርኛ ጆሮ እንድንሰማ ተደረግን፣ ከዚያ አናባቢ አትለዩም ተባልን።

መምህሩ፦ ይሄ ጥሩ ክርክር ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አንደኛ፣ ጆሮ ቤቱን ይሰጥሃል እንጂ ዕቃውን አይሰጥህም። ሁለት ኤ ይኑርህ፤ «በር» የትኛው ኤ ውስጥ እንደሚገባ፣ «ማግኘት» የትኛው እንደሆነ ከሐመርኛ አታውቀውም። ከእንግሊዝኛው አጻጻፍም አታውቀውም፤ አጻጻፋቸው ማተሚያ ቤት በ1476 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከገባ በኋላ እየረጋ ሲሄድ አናባቢዎቹ ግን መቶ መቶ ዓመት እየተገላበጡ ነው የኖሩት። የሚነግርህ የሚናገር ሰው ነው። ያ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። እኔ ነኝ ያለሁት፤ የእኔንም አሁን ፈተንከው።

አስጎብኚው፦ ሁለተኛውስ?

መምህሩ፦ ሁለተኛው አንተ ራስህ ነህ። ጆሮህ ይሄን ያህል ከለየ፣ ሐሙስ ዕለት ለምን አላዳነህም? እኔ ከአጠገብህ ቆሜ «ጌት» ስትል ሰማሁህ፤ አንዴ ለማግኘት፣ አንዴ ለግቢው በር። ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰሌዳዬ ላይ ከጻፍኩት ስንት ዘመን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሰማኸው ሙሉ ፈረንጅ ነው። ጆሮ ካለ ይሰማ ነበር።

አስጎብኚው፦ …ከባድ ነው ያሉት።

መምህሩ፦ መልስልኝ እንጂ።

አስጎብኚው፦ እንግሊዝኛ ስናገር በሐመርኛ አፌ አይደለም የምናገረው። መጀመሪያ የገባልኝ በአማርኛ በኩል ነው፤ ቃሉ በፊደል ተጽፎ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ጎጆ ልል ስል «ሃት» ብሎ ተጽፎ አየዋለሁ። ፈረንጁ በሌላ ድምፅ ሲለው እሰማለሁ፤ ይለያል፤ ግን አፌ የተጻፈውን ያነባል። ቱርሚ ሰኞ ገበያ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች አሉ፤ ከመኪና ሥር የማይጠፉ። ጣሊያን ሲመጣ እንደ ጣሊያን፣ አውስትራሊያ ሲመጣ «ዳይ» እያሉ ነው የሚቀበሉት። እነሱ የሚያነቡት ነገር የለም።

መምህሩ፦ አሥር ቃል ነው ያላቸው። አሥር ቃል በቀቀንም ይይዛል። አሥር ሺህ ቃል ያለ ጽሑፍ የሚይዝ ልጅ አምጣልኝ። አይገኝም። ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጽሑፍ ካስፈለገ ደግሞ የሚያውቀው ፊደል ነው መወጣጫው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው የከተማ ልጅ አማርኛ አፉን የፈታ ነው። ሰሌዳው ላይ ፊደሉን ባጠፋበት በምን ይያዘው?

አስጎብኚው፦ ኋላ ወንበር ያለው ልጅስ እስካሁን በምን ያዘው?

መምህሩ፦ አልያዘውም። ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ይሄዳሉ። እሱ ግን በአናባቢ አይደለም፤ በከብት ነው፣ በድርቅ ነው፣ በመንገዱ ርዝመት ነው። ሁሉን ነገር ጆሮ ላይ አትጫነው። የቀረው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል፤ በርና ማግኘትን በጆሮ የሚያስለይ አንድ ጥያቄ የለበትም። የክፍሉን ሰዓት እዚያ ላይ ባጠፋ ወላጅ ይከሰኛል።

አስጎብኚው፦ ፈተናው ካልጠየቀው፣ ሐሙስ ዕለት ምን አሳፈረዎት?

መምህሩ፦ ለፈተና ብቻ ሳስተምርህ አልኖርኩም።

አስጎብኚው፦ እንግዲያው እንሞክረው። ቅዳሜ ሁለት ልጆች አመጣልዎታለሁ፤ አንዱ ከቱርሚ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፤ አንዱ ከእርስዎ 12ኛ ክፍል፣ ጎበዝ የሚሉትን ይምረጡ። ሁለት ሥዕል እንስላለን፤ ከንፈርና ዝላይ። ቃሉ ሲጠራ የትኛውን እንደሚያሳዩ እናያለን።

መምህሩ፦ ቃሉን ማን ይጠራዋል?

አስጎብኚው፦ እርስዎ ነዋ።

መምህሩ፦ እኔ ከጠራሁትማ ገና ሳይጀመር ተበላሸ። ከፈረንጆችህ አንዷን ለምንልኝ።

አስጎብኚው፦ እሺ። ከየትኛው አገር ትሁን?